ልጄ የራግቢ ዳኛ ልሁን አለች፤ መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ

እናት ከግሎስተር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምኖረው ግሎስተር ነው። እዚህ ከተማ ቅዳሜ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ራግቢ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። በሰፈራችን ክለብ ስትጫወት ነው ያደገችው፤ ቦታዋ ስክረም ሃፍ (ኳሱን ከተጋፊዎቹ ተቀብላ ለሌሎቹ የምታቀብል) ነበር። አምና የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሟ ሩጫውን ቀስ በቀስ ትጀምራለች፣ ታክል (ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣል) ያለበት ጨዋታ ግን ይቆይ ብሏል። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ከረመች። አንድ ቀን አሰልጣኟ «ለምን ዳኝነቱን አትሞክሪውም?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ጨዋታ ስታይ ኳሱን ትታ ዳኛውን ነው የምትከተለው። እሱ እጁን ሲያነሳ እሷም ሶፋው ላይ ሆና ታነሳለች።

«የ2023ን የዓለም ዋንጫ ያጫወቱት ትልልቆቹ እየወጡ ነው፣ ለአዲሶቹ ቦታ አለ» ትለኛለች። ሐሳቧ ኢንተርናሽናል ዳኛ መሆን ነው። ደስታዋ ደስታዬ ነው፤ ግን ፈራሁ።

የሚያስፈራኝ ስድቡ ነው። የ2023ን ፍጻሜ የመራው ዌይን ባርንስ ቤተሰቡ ሳይቀር በኢንተርኔት ዛቻ ደርሶበታል። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የሕግ ባለሙያ ነው። የእኔዋ ገና ልጅ ናት። በቅርቡ እንኳ አንድ አባት ከልጄ እምብዛም በማትበልጥ ዳኛ ላይ ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ ሲጮህ አይቻለሁ። ማንም «ተው» አላለውም። ባለቤቴም «የሰው ስድብ እንድትሸከም ነው ወይ ያሳደግናት?» ይላል። ትምህርቷም አለ፤ ፈተናዋ ደርሷል።

ሌላው ደግሞ፣ ላይ ያሉት ዳኞች የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የኒውዚላንድ ሰዎች ይመስሉኛል። የአበሻ ስም ያላት ሴት ልጅ እዚያ ትደርሳለች ብዬ ባዶ ተስፋ ልሰጣት አልፈልግም። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ባለፊሽካው ከሌስተር፦

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን እግዚአብሔር ማረልሽ። መልሴ አጭር ነው፤ ኮርሱን ትውሰድ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

እኔ ሌስተር ውስጥ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ቅዳሜ በታችኞቹ ሊጎች አዋቂዎችን አጫውታለሁ፣ እሁድ ጠዋት ልጆችን። ኢንተርናሽናል ዳኛ አይደለሁም፤ ዕድሜዬም አልፏል። ግን ወደ ላይ የሚወጡትን ልጆች መጀመሪያ የምናያቸው እኛ ነን። መሃል ላይ ትተው የሚሄዱትንም የምናያቸው እኛው ነን።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ላይ ያሉት ሁሉ ከትልልቆቹ አገሮች ናቸው ያልሽው ድሮ እውነት ነበር። አሁን እየተለወጠ ነው። የ2025ን የላየንስ ጉዞ ተመልከቺ። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ምርጦች በየአራት ዓመቱ አንድ ቡድን ሆነው ይሄዳሉ፤ ለአንድ ዳኛ ከዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀጥሎ ይህን የሚያህል ሹመት ጥቂት ነው። አውስትራሊያ ላይ ሦስት ቴስት፣ ማለትም ዋና ኢንተርናሽናል ጨዋታ፣ ነበር። የመጀመሪያውን የኒውዚላንዱ ቤን ኦኪፍ መራው። ሁለተኛውን አንድሪያ ፒያርዲ፣ ሦስተኛውን ኒካ አማሹኬሊ። ፒያርዲ ጣሊያናዊ ነው። አማሹኬሊ ደግሞ የጆርጂያ ሰው ነው። ጆርጂያ እኮ ስድስቱ አገሮች በሚባለው የአውሮፓ ውድድር ውስጥ እንኳ የለችም! ቡድኗ ያልገባበት ቦታ ዳኛዋ ገብቷል።

ሜልበርን ላይ የሆነውን ልጅሽ አይታው ይሆናል። ካላየች አሳያት። ስታዲየሙ ውስጥ ከ90,000 በላይ ሕዝብ አለ። ላየንሶች 5 ለ 23 ተበልጠው ከነበሩበት ተነሱ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሂዩጎ ኪናን ትራይ (ኳሱን ከጎሉ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) አስቆጠረ፤ 29 ለ 26። ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ራኩ (መሬት ላይ ባለው ኳስ ዙሪያ ተጫዋቾች ቆመው የሚገፋፉበት) ላይ የላየንሱ ጃክ ሞርጋን የአውስትራሊያውን ካርሎ ቲዛኖን ገፍቶ አውጥቶታል። አውስትራሊያዎቹ ጥፋት ነው አሉ። ትራዩ ቢሰረዝ ጨዋታው ይገለበጣል፣ ዋንጫውም ለሦስተኛው ቴስት ይተርፋል። ፒያርዲ ምስሉን አየ፣ ከረዳቶቹና ከቴሌቪዥን ዳኛው ጋር ተነጋገረ። ማይኩ ክፍት ነው፤ የሚያስበውን ሁሉ ዓለም ይሰማል። ጥፋት የለም ብሎ ትራዩን አጸደቀ። የአውስትራሊያው አሰልጣኝ ጆ ሽሚት አጥብቀው ተቃወሙ። የዓለም ራግቢ የበላይ አካል ወርልድ ራግቢ ከዳኞቹ ጎን ቆመ። እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የማይስማማ ይኖራል። ግን ሰውዬው ሲያስብ ለመስማት ችለናል። አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድሮ ዳኛ ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ከዘረጋ በቂ ነበር። አሁን ምን እንዳየ፣ ለምን እንደወሰነ በጥቂት ቃል፣ ሳይንተባተብ፣ ሚሊዮን ሰው እየሰማው መናገር አለበት።

ስለ ሴትነቷ ደግሞ አንድ ስም ልንገርሽ፤ ሆሊ ዴቪድሰን። ስኮትላንዳዊት ናት። ስትጫወት ቦታዋ ስክረም ሃፍ ነበር፣ ልክ እንደ ልጅሽ። እሷም ጉዳት ነው ከተጫዋችነት ያስወጣት። በፋይናንስ ሥራ ላይ ነበረች፤ በ2017 የስኮትላንድ ራግቢ ማኅበር የሙሉ ጊዜ ዳኛ አድርጎ ቀጠራት። በ2022 ኦክላንድ ላይ የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መራች። በ2024 ብሉምፎንቴይን ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፖርቱጋል ሲጫወቱ የመሃል ዳኛዋ እሷ ነበረች፤ የስፕሪንግቦክስን ጨዋታ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያ ጨዋታ ገና ከመጀመሩ ለባለሜዳው ቡድን ተጫዋች ቀይ ካርድ ሰጥታለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ሜዳ ላይ! በ2025 ደግሞ ትዊክነም ላይ እንግሊዝ ከካናዳ ሲጫወቱ ሁለተኛ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዋን መራች። 81,885 ሰው ገብቶ ነበር።

ስክረም ሃፍ መሆኗን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ስክረም ሃፍ ሁልጊዜ ኳሱ ጋ ነው። ራኩ ውስጥ ማን እንደተኛ፣ ማን ከኋላ መስመር እንዳለፈ የሚያየው እሱ ነው። ካርል ዲክሰንም ሃርለኩዊንስ ሲጫወት ስክረም ሃፍ ነበር፣ አሁን ኢንተርናሽናል ዳኛ ነው። በ2023 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ዌልስ ከአርጀንቲና ሲጫወቱ ያኮ ፔይፐር ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። ረዳት ዳኛ የነበረው ዲክሰን ፊሽካውን ተቀብሎ ቀጠለ።

አሁን ወደ መንገዱ። ክለባችሁ ውስጥ ዳኞችን የሚያስተባብር ሰው አለ፤ ምዝገባውን የሚያውቀው እሱ ነው። ኮርሱን የሚያዘጋጀው የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ነው። ከዚያ በኋላ በየአካባቢው ያሉት የዳኞች ማኅበራት ይረከቧታል። ጨዋታ የሚመድቡት እነሱ ናቸው፤ ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ አይቶ የሚመክራትን ሰው የሚልኩትም እነሱ ናቸው። የምትጀምረው በትንንሾቹ ነው። ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች ያሉት ታግ ነው የሚጫወቱት፣ ታክል የለም። ታክል የሚጀምረው ከ9 ዓመት በታች ቡድን ላይ ነው። ከዚያ ቀስ እያለች ትወጣለች። ላይኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ በሰባት ሰው ራግቢና ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ይፈተሻሉ። ዓመታት ይፈጃል። ከታች ባለው ደረጃ ገንዘብ የለም፤ የመንገድ ወጪ ነው የሚሸፈነው።

አንድ ነገር ከቴሌቪዥን ብቻ እንዳትማር ንገሪያት። በእንግሊዝ በአማተሩ ጨዋታ ከ2023 ጀምሮ ታክል ከደረት አጥንቱ ግርጌ በላይ አይፈቀድም። በኢንተርናሽናሉ ግን ወሰኑ የትከሻ መስመር ነው። ቅዳሜ በቴሌቪዥን ያየችው ታክል እሁድ በእሷ ሜዳ ቅጣት ነው።

ስድቡን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ዋናው ነገር እሱ ነው። ባርንስ የፍጻሜውን ጨዋታ ባጫወተ በቀናት ውስጥ ጡረታ ወጣ፤ 111 ቴስት መርቷል። የዚያው ጨዋታ የቴሌቪዥን ዳኛ ቶም ፎሊም በደረሰበት ዛቻ ከኢንተርናሽናል ጨዋታ ራሱን አገለለ። ይህ ላይ ያለው ነው። እኔን የሚያመኝ ግን ታች ያለው ነው። ሁለቱ ስማቸው ይታወቃል፣ የሚቆምላቸውም አለ። እሁድ ጠዋት ጭቃ ላይ የምትቆም የ16 ዓመት ልጅ ግን ስሟን የሚያውቅ የለም። ከምናሠለጥናቸው ውስጥ ጎበዞቹ በመጀመሪያው ዓመት ሲጠፉ አያለሁ። ሕጉ ከብዷቸው አይደለም፣ ሩጫውም አይደለም። አንድ ሰው ጮኸባቸው፣ ሌላው ዝም አለ። በቃ። እኔንም አንድ ጊዜ የአንድ ክለብ ሰው እስከ መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ እየተሳደበ መጥቷል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ አለፍኩት። ልጅ ግን ማለፍ የለባትም። የዛሬ 15 ዓመት የዓለም ዋንጫ የሚያጫውቱት ሰዎች ዛሬ እዚያ ጭቃ ላይ ናቸው። እዚያ ካጣናቸው አጣናቸው፤ ሌላ የምናመጣበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ኮርሱን ከወሰደች በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብቻዋን እንዳትሄድ። አማካሪ ዳኛ አብሯት ካልተመደበ ጨዋታውን አትቀበል። ይህን የመጠየቅ መብት አላት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለሁለቱም አሰልጣኞች ሰላም ትበል፤ ወላጆች የት እንደሚቆሙም ትወቅ። የሚጮህ ካለ ጨዋታውን አቁማ የቡድኑን ኃላፊ ትጥራ። ሜዳ ውስጥ ደግሞ ደንቡ ያግዛታል፤ ለዳኛ የሚናገረው አምበሉ ነው። ሌላው ከተነታረከ ቅጣቱን 10 ሜትር ወደፊት ታስኬዳለች። ይህን አንዴ ከሠራችው ሁሉም ጸጥ ይላል።

አንቺ ደግሞ ሂጂ። ግን አትሟገቺላት። አማካሪው አጠገብ ቁሚ። ወደ ቤት ስትመለሱ የተሳሳተችውን አትጠይቂያት፣ እሱን አማካሪው ነግሯታል። የወደደችው ውሳኔ የትኛው እንደሆነ ጠይቂያት።


የደብሊኑ ተማሪ፦

ባለፊሽካው ስለ አማሹኬሊ ስላነሳ እኔም ልጨምር።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022 ደብሊን አቪቫ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። አየርላንድ ከጣሊያን ነበር። በስድስቱ አገሮች ውድድር ጆርጂያዊ ዳኛ ሲያጫውት ያ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ የጣሊያን ሁከር (የስክረሙ የፊት ረድፍ መሃል ተጫዋች) ተጎድቶ ወጣ። የተተካው ሁከር ሃሜ ፋይቫ ደግሞ ከፍ ብሎ ባደረገው ታክል ቀይ ካርድ አየ። ጣሊያን ሌላ ሁከር አልነበረውም። ስለዚህ ስክረሙ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው ለኳሱ የሚገፋፉበት፣ ግፊት የሌለበት ሆነ። ሕጉ ደግሞ በቀይ ካርድ ምክንያት ስክረሙ ግፊት አልባ ከሆነ ሌላ ተጫዋችም ይውጣ ይላል። ጣሊያን 13 ሰው ሆነ። ገና ብዙ ጊዜ ይቀር ነበር። ውጤቱም 57 ለ 6 ሆነ።

ስታዲየሙ ግራ ተጋባ። እኛ የአየርላንድ ደጋፊዎች እንኳ አዘንን። ሰውዬው ግን ሕጉን ያውቀው ነበር። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው የማያስታውሰውን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት ትልቅ መድረክ ላይ በእርጋታ ሲያስፈጽም አየሁት። ሕጉ መጥፎ ነው እላለሁ፤ ጨዋታውን ገድሎታል። ያ ግን የእሱ ጥፋት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳይ ላይ በዓለም ዋንጫ አጫወተ።

እማማ፣ ስለ ትምህርቷ ግን ከባለፊሽካው ትንሽ እለያለሁ። እሱ ስለ ስድቡ አብራርቷል፣ ስለ ፈተናው ዝም አለ። የሙሉ ጊዜ ደመወዝ የሚያገኙ ዳኞች በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ጎበዝ ዳኛ መሃል ላይ ይቀራል፣ ወይ ይጎዳል። ስለዚህ ትምህርቷን እንዳትለቅ። ባርንስ የሕግ ሰው ነው። ቤን ኦኪፍ የዓይን ሐኪም ነው። እነሱ ትምህርቱን ስላልተዉ ዳኝነቱን አልጎዳባቸውም። እንደ እኔ ከሆነ እንዲያውም ጠቅሟቸዋል፤ ዳኛ ስንባል ኑሮው ሁሉ በአንድ ውሳኔ ላይ ባይንጠለጠል ይሻላል። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ኮርሱ አያመልጣትም።


የአዲስ አበባው ዳኛ፦

ሰላም። እኔ ራግቢ አላውቅም፣ የእግር ኳስ ዳኛ ነኝ። ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሊዲያ ታፈሰ የእኛው ልጅ ናት። ፋርማሲስት ናት፣ ቅርጫት ኳስም ተጫውታለች። በፈረንጆቹ 2015 እና 2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛ ሆና ተመርጣለች። ባምላክ ተሰማም በ2018 በወንዶቹ የዓለም ዋንጫ ነበር። የአበሻ ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ የዓለም ዋንጫ የገባ ዳኛ አለን። ስሙ አያግዳትም።

ስድቡን በሚመለከት፣ እኛ ጋም አለ፤ ከዚያም የባሰ። እኔ የጠቀመኝ የዳኞቹ ጓደኝነት ነው። ከጨዋታ በኋላ ብቻዬን ቤት አልሄድም። ከሌሎች ዳኞች ጋር ቁጭ ብለን ጨዋታውን እናወራለን፣ ሻይ እንጠጣለን። ልጅሽም እኩዮቿ ዳኞች ጋር ትተዋወቅ። ወላጅ የማይሰማውን እነሱ ይሰሟታል።


እናት ከግሎስተር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አነበብኩላት። የሆሊ ዴቪድሰንን ታሪክ ስትሰማ ጉልበቷን እያሸች ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ «ስክረም ሃፍ ነበረች ወይ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ባለቤቴም የሊዲያን ነገር ሰምቶ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ባይስማማም «ኮርሱን ትውሰድና እንይ» አለ። ፈተናዋን ግን ትጨርሳለች፤ የደብሊኑ ልጄ ተባረክ።

ባለፊሽካው ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ምን ታድርግ? ሁለተኛ፣ እኔ ሜዳ ስሄድ ያ ሰውዬ ወይ ሌላ ቢጮህ፣ በእውነት ዝም ልበል?


ባለፊሽካው ከሌስተር፦

እህቴ፣ ሁለተኛውን መጀመሪያ ልመልስ። ዝም አትበይ። ግን የምትናገሪው ለሰውዬው አይደለም። የባለሜዳው ክለብ ኃላፊ አለ፤ የልጆች ደኅንነት ተጠሪም አለ። የልጆች ጨዋታ ላይ ማን እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ስሙን ያዢ። ሲጮህ ወደ እሱ ሄደሽ «እዚህ ላይ ልጅ ናት ያለችው፣ ይህን አስቁምልኝ» በይ። ከዚያ በጽሑፍ አስገቢ። በጽሑፍ ያልገባ ነገር ሰኞ ይረሳል። አንቺ ራስሽ ከሰውዬው ጋር ከተጨቃጨቅሽ ግን ልጅሽ ኳሱን ትታ አንቺን ታያለች። ያን ጊዜ ጨዋታው ከእጇ ይወጣል።

ጉልበቷን በሚመለከት፣ ፊዚዮዋ ሳይፈቅድ አትሩጥ። ዳኛ ታክል ባያደርግም ወደኋላ ይሮጣል፣ በድንገት ይዞራል፤ የጉልበት ጅማት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ላይኛው ደረጃ ላይ ብሮንኮ የሚባል የሩጫ ፈተና አለ። 20፣ 40፣ 60 ሜትር ደርሶ መልስ፣ አምስት ጊዜ ያለ ዕረፍት፤ ድምሩ 1,200 ሜትር ነው። አሁን አያስፈልጋትም። ግን ፊዚዮዋ ይህን ይወቅ፤ ግቡ ምን እንደሆነ ካወቀ ልምምዱን ወደዚያ ያዘጋጅላታል።

እስከዚያ የሚሠራ ሥራ አለ። የወርልድ ራግቢ የሕግ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነፃ አለ፤ 21 ሕጎች ነው። በቀን አንድ ሕግ ታንብብ። እዚያው ላይ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያስተምር ነፃ ኮርስ አለ፤ እሱን ከሁሉ ታስቀድም። ልጅ ወድቆ ሲነሳ ዓይኑ የማያርፍ ከሆነ ጨዋታውን የምታቆመው እሷ ናት። ከዚያ ጨዋታ ስታይ አንድ ነገር ብቻ ትምረጥ። አንድ ቅዳሜ ራኩን ብቻ፣ ሌላ ቅዳሜ የኦፍሳይዱን መስመር ብቻ። ሁሉን ባንዴ ለማየት የሚሞክር ጀማሪ ምንም አያይም። የዳኛው ማይክ የሚሰማበት ጨዋታ ካገኘች ደግሞ ቃላቱን ትጻፋቸው። እኔ ካርል ዲክሰንን ሳዳምጥ ብዙ የተማርኩት እንዴት አጭር እንደሚናገር ነው።

ፊሽካ ስትገዙ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ግዙ። በአፍ ይዞ መሮጥ ለጀማሪ አይመችም፤ ሳያስቡት ይነፋል። አንድ ትርፍ ፊሽካ በኪሷ ትያዝ፤ ጭቃ የገባበት ፊሽካ አይጮህም። ሰዓትም ሁለት ይሻላል፣ አንዱን ስታቆም ሌላው ይሮጣል። ካርዶቹን በተለያየ ኪስ ታስቀምጥ፣ ቢጫው ከፊት፣ ቀዩ ከኋላ።

ፈተናዋን ስትጨርስና ኮርሱን ስትወስድ ጥያቄ ካላት ራሷ እዚህ ትጻፍልኝ። በእንግሊዝኛም ቢሆን እመልስላታለሁ።